መሥዋዕትና ልውውጥ

መሥዋዕት የሚለው ቃል ለአፍ የቀለለ፣ ለትከሻ ግን የከበደ ቃል ነው። በመጀመሪያ የመሠዊያ ቃል ነበረ፤ በግ የሚታረድበት፣ ዕጣን የሚጤስበት ስፍራ ቃል። ዛሬ ግን ከመሠዊያው ወርዶ በጦር ሜዳ ታሪክ፣ በአደባባይ ንግግር፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ በጨዋታ ገበታ ላይ ሳይቀር እንሰማዋለን። ቃሉ እንዲህ ከበዛ ዘንድ ትርጓሜው ሳይደበዝዝ አልቀረም፤ ስለዚህም አንድ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ መስሎ ታየን። ሰው አንድ ነገር ሲሰጥ፣ ከሰጠውም የበለጠ እንደሚመለስለት በርግጥ የሚያውቅ ሲሆን፣ ይህ መሥዋዕት ይባላልን ወይስ ልውውጥ? የሚሰጠውስ ነገር የራሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ሲሆን ምን እንበለው?

ይህን ጥያቄ ከቅዱሳት መጻሕፍት ወይም ከጀግኖች ታሪክ ተነሥተን ልንመረምረው እንችል ነበር። እኛ ግን ከጨዋታ መነሣትን መረጥን። ምክንያቱም በጨዋታ ገበታ ላይ ሁሉ ነገር የተቈጠረ ነውና፤ የሰጠውና የተቀበለው፣ ያተረፈውና የከሰረው ያለ ክርክር ይታያል። ከዚህም በላይ በዘመናችን ይህንኑ ጨዋታ የሚጫወቱ ኮምፒዩተሮች ተሠርተው፣ መሥዋዕትን ያውቁ እንደሆነ በፈተና ተጠይቀዋል። ፈተናው ለመኪና የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ውጤቱ ስለ ሰው የሚያስተምረው ነገር አለው።

የሰንጠረዥ ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በጨርቅ ላይ በተሰመረ ገበታ ሲጫወቱት ኖረዋል፤ ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና ሜዳቁ የየራሳቸው መንገድ ነበራቸው። የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። በዚህ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን በምን እንደተሸነፈ ደግሞ ይታይ ነበር፤ በኀይለኛው በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማሰር እንደ ትንሽ ነገር ሲቈጠር፣ በደካማው በፊል ወይም በሜዳቅ ማሰር ግን ምስጋና ያስገኝ ነበር። የጠላትን ንጉሥም ሠራዊቱን ሁሉ ጨርሶ ራቁቱን ማስቀረት ድል አልነበረም። ይህን ልማድ አንባቢ በልቡ ያቈይልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ቼዝ ከዚሁ ከጥንቱ ጨዋታ የተወለደ ወንድም ነው። በርሱ ዘንድ ለያንዳንዱ ጠጠር የታወቀ ዋጋ አለ፤ ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ እያንዳንዳቸው 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9 ተብሎ ይገመታል። ጀማሪ ተጫዋች የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህን ዋጋ ማወቅና ብዙውን በጥቂቱ አለመለወጥ ነው። ዳሩ ግን በጨዋታው ታሪክ ሲወሳ የሚኖረው ይህን ሥርዐት የጠበቀው ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የጣሰው ሆኖ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ጀርመናዊው አዶልፍ አንደርሰን ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋራ ሲጫወት አንድ ቢሾፕ፣ ሁለቱን ሩኮችና በመጨረሻም ንግሥቱን ሰጥቶ፣ በቀሩት በትንንሾቹ ጠጠሮች የባላጋራውን ንጉሥ አሰረ። ይህ ጨዋታ «የማይሞተው» የሚል ስም ተሰጥቶት እስከ ዛሬ ይነገራል። ዋጋ ያለውን ነገር ለማይታይ ነገር አሳልፎ መስጠት ነው በቼዝ ቋንቋ መሥዋዕት የተባለው።

ነገር ግን በዚሁ ቋንቋ ውስጥ ልዩነት እንዳለ አስተውሎ የጻፈ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም የኦስትሪያው ሊቀ ተጫዋች ሩዶልፍ ሽፒልማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ስለ መሥዋዕት ባሳተመው መጽሐፍ መሥዋዕትን በሁለት ከፈለው። አንደኛው የይስሙላ መሥዋዕት ነው፤ ተጫዋቹ ጠጠሩን ሲሰጥ ከጥቂት ርምጃ በኋላ በርግጥ እንደሚመለስለት ወይም ንጉሡን እንደሚያስር ቈጥሮ ጨርሷል፤ ስለዚህ የሰጠ ቢመስልም ያበደረ ነው። ሁለተኛው እውነተኛው መሥዋዕት ነው፤ ተጫዋቹ ጠጠሩን ሲሰጥ መንገዱን እንጂ መድረሻውን አያይም፤ በማመዛዘንና በልብ ድፍረት ብቻ ይገባበታል። ሽፒልማን አይሁዳዊ ስለ ነበረ ከናዚዎች ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ ሞተ። የጻፈው ልዩነት ግን ከርሱ በኋላ፣ እርሱ ባላሰበው ስፍራ፣ በኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ትልቅ ጥያቄ ሆነ።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ መኪና ቼዝን ሊጫወት የሚችልበትን መንገድ በግልጽ አሳየ። በዚያም ጽሑፍ በቼዝ ሊደረጉ የሚችሉትን ጨዋታዎች ብዛት ሲገምት 1 ቁጥር ከኋላው 120 ዜሮ የሚከተለው ያህል ነው አለ። ይህን ሁሉ መቍጠር ለማንም የማይቻል ስለሆነ፣ መኪናው እስከ ጥቂት ርምጃ ድረስ አይቶ፣ እዚያ ቆሞ፣ የጠጠሮቹን ዋጋ ደምሮ እንዲፈርድ ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግም የራሱን የጨዋታ ሕግ ጽፎ፣ የሚያካሂደው ኮምፒዩተር ስላላገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ራሱ በወረቀት ላይ ሒሳቡን እየሠራ ከአንድ ወዳጁ ጋራ ተጫወተ፤ በ29ኛውም ርምጃ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ፕሮግራሞች ብዙ ዘመን በዚሁ መንገድ ተጓዙ፤ አርቆ ማየት፣ መቍጠር፣ መደመር።

እንዲህ ያለ ፈራጅ በመሥዋዕት ፊት ሲቆም ምን እንደሚገጥመው ለመገመት አያስቸግርም። ከመጀመሪያው ርምጃ ላይ የሚያየው ኪሣራ ነው። ጊዜ ለመቈጠብም ተስፋ የሌለው የሚመስለውን መንገድ በቶሎ ይተወዋል ወይም ባጭሩ አይቶ ያልፈዋል። ድሉ ከኪሣራው በስተጀርባ ተሰውሮ ሳለ መኪናው በበሩ ላይ ኪሣራ የሚል ጽሕፈት አንብቦ ይመለሳል። ከዚህ የባሰ ሌላ ደዌም ነበረበት። ሃንስ በርሊነር የተባለው የቼዝና የኮምፒዩተር ዐዋቂ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የአድማስ ችግር ብሎ ሰይሞታል። መኪናው ሊያየው ከሚችለው ወሰን ውስጥ አንድ የማይቀር ጥፋት ሲመጣበት፣ ጥፋቱን ማስቀረት ሳይችል፣ ወታደሩን አንድ በአንድ ለባላጋራው እየወረወረ ጥፋቱን ከሚያየው አድማስ ወዲያ ይገፋዋል። ስላላየው የቀረ ይመስለዋል። ጠጠሮቹንም ንግሥቱንም በመጨረሻ አንድነት ያጣል። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ የመሥዋዕት መልክ ነበረው፤ በውስጡ ግን ፍርሃት ከሒሳብ ጋራ የተጋባበት ነገር ነበረ።

ስለዚህ የፕሮግራም ሠሪዎች መኪናቸው ምን ያህል እንደ በረታ ለማወቅ ከባድ የመሥዋዕት አሰላለፎችን እየሰበሰቡ መፈተን ልማድ አደረጉ። አሜሪካዊው ፍሬድ ራይንፌልድ ለሰው ተማሪዎች ያዘጋጀው የ300 ጥያቄ መጽሐፍ ሳይታሰብ የመኪና መፈተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. ኢቫን ብራትኮና ዳኒ ኮፔክ 24 አሰላለፎችን አቀረቡ፤ እኩሌቶቹ የጥቃት ብልሃት፣ እኩሌቶቹ የወታደሮችን አሰላለፍ መረዳት የሚጠይቁ ነበሩ፤ ለያንዳንዱም ሁለት ደቂቃ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ፒየር ኖሎ ከታላላቅ ተጫዋቾች ጨዋታ የተመረጡ 11 አሰላለፎችን ሰበሰበ፤ ትክክለኛው መልስ ጥልቅ መሥዋዕት የሆነባቸውና የዚያን ጊዜ መኪኖች ብርቱ ሥቃይ ያዩባቸው ጥያቄዎች ነበሩ።

በነዚህ ፈተናዎች ዘንድ የታዩ ሁለት ነገሮች ለማስታወስ የሚገቡ ናቸው። አንደኛው፣ መልሱ የታወቀ ፈተና ሲደጋገም መኪናው ፈተናውን እንዲያልፍ ተደርጎ ይስተካከላል፤ በፈተናው ላይ ከፍ ያለ ነጥብ አግኝቶ በእውነተኛው ጨዋታ ግን የሚደክም ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። መሥዋዕትን የሚወድ እንዲሆን የተሠራው መኪና በማያስፈልግበትም ስፍራ ጠጠሩን ይበትናል። ሁለተኛው፣ መኪኖቹ እየበረቱ በሄዱ ጊዜ በመጽሐፉ ትክክል ተብሎ ከተጻፈው መልስ አንዳንዱ ብቸኛው መልስ እንዳልነበረ ታወቀ። ተፈታኙ ፈታኙን ፈተነው ማለት ነው። ለማንኛውም መምህር ሆነ ሹም ይህ ትሕትናን የሚያስተምር ነገር ይመስለናል።

ከነዚህ ሁሉ አሰላለፎች አንዱን ብቻ ጠለቅ ብለን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በስፔን አገር በሊናሬስ ከተማ በተደረገው ውድድር አሌክሴ ሺሮቭ በጥቁር ጠጠር ከቬሴሊን ቶፓሎቭ ጋራ ገጠመ። ጨዋታው ወደ ፍጻሜው ደርሶ ለያንዳንዱ አንድ ቢሾፕ ቀረው፤ ሺሮቭ ሁለት ወታደር ትርፍ ነበረው። ዳሩ ግን ሁለቱ ቢሾፖች በተለያየ ቀለም ቤቶች የሚሄዱ ስለ ነበሩ እንዲህ ያለው አሰላለፍ ብዙውን ጊዜ በእኩልነት ያልቃል። የሺሮቭ ንጉሥ በቶሎ ወደ መካከል መድረስ ነበረበት፤ በመንገዱም ላይ የራሱ ቢሾፕ ቆሞበታል። በ47ኛው ርምጃ ሺሮቭ ይህን ቢሾፕ አንሥቶ የነጭ ወታደር በነጻ ሊበላው ከሚችልበት ቤት ላይ አኖረው። ቶፓሎቭም በላው። በምትኩ ሺሮቭ ያገኘው አንዲት ጠጠር እንኳ አይደለም፤ ያገኘው የአንድ ርምጃ ጊዜና ለንጉሡ የተከፈተ መንገድ ነው። ንጉሡ ሄደ፤ ሁለቱ ወታደሮቹ ወደፊት ገሠገሡ፤ ጥቂት ቈይቶ ቶፓሎቭ እጁን ሰጠ። የዚያን ዘመን ኮምፒዩተሮች ይህን ርምጃ ሊያገኙት ስላልቻሉ ብዙ ዓመት መፈተኛቸው ሆኖ ኖረ። የዛሬዎቹ ግን ያገኙታል፤ በኪሳችን በምንይዘው ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም እንኳ የሊቁን ጥበብ ብዙም ሳይቈይ ያወጣዋል።

እንግዲህ መኪናው ፈተናውን ካለፈ መሥዋዕትን ዐወቀ ማለት ነውን? እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ የሆነውን እናስታውስ። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር በአንድ ሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ መመርመር የሚችል ነበረ። ከዓለም ሻምፒዮኑ ከጋሪ ካስፓሮቭ ጋራ ባደረገው ስድስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ በስምንተኛው ርምጃ ፈረሱን ለአንድ ወታደር ሰጠ። ካስፓሮቭ በ19ኛው ርምጃ ላይ እጁን ሰጠ፤ ውድድሩም በ3½ ለ2½ በመኪናው አሸናፊነት ተፈጸመ። ዓለም ስለዚህ ፈረስ ብዙ ተናገረ። ዳሩ ግን ያን ርምጃ መኪናው በዚያች ሰዓት አስቦ ያገኘው አልነበረም፤ አዘጋጆቹ ሰዎች አስቀድመው በጨዋታ መክፈቻ መዝገቡ ውስጥ ጽፈውለት ነበረ። ፈረሱን የሰጠው እንግዲህ ማነው? መኪናው የታዘዘውን ፈጸመ፤ ያዘዙት ሰዎች ደግሞ በገበታው ፊት አልተቀመጡም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ የሚያዝዘውና የሚፈጽመው በተለያዩ ጊዜ መሥዋዕቱ ባለቤት ያጣል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. አልፋዜሮ የተባለ ፕሮግራም ታየ። ይህ እንደ ቀድሞዎቹ የጠጠር ዋጋ ከሰው የተማረ አልነበረም፤ የጨዋታውን ሕግ ብቻ ተቀብሎ ከራሱ ጋራ እየተጫወተ ራሱን አስተማረ። በዚያን ጊዜ እጅግ ብርቱ ከነበሩት አንዱ ከሆነው ከስቶክፊሽ ጋራ 100 ጊዜ ተጫውቶ 28ቱን አሸነፈ፤ በ72ቱ እኩል ወጣ፤ አንድም አልተሸነፈ። ሊቃውንቱን ያስደነቃቸው ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን፣ ወታደርንም ሆነ ከዚያ የሚበልጥ ጠጠርን ሰጥቶ፣ ምንም በቶሎ ሳይመለስለት፣ በመልካም አቋም ብቻ ተማምኖ መጫወቱ ነበረ። ሽፒልማን እውነተኛ ብሎ የጠራው መሥዋዕት፣ ፍጻሜው ሳይታይ የሚደረገው፣ በመኪና እጅ ተገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ ሐሳባችንን ማረም ግድ ሆነብን። በመጀመሪያ እንዲህ ለማለት ተዘጋጅተን ነበር፦ መኪና ፍጻሜውን ስለሚያይ አይሠዋም፤ ሰው ግን ፍጻሜውን ሳያይ ስለሚሰጥ ይሠዋል። ይህ አባባል ያማረ ቢመስልም እውነት ሆኖ አላገኘነውም። መኪናውም ፍጻሜውን ሳያይ ሊሰጥ ቻለ። ከዚህም በላይ አለማወቅን የመሥዋዕት እናት ካደረግናት፣ ቁማርተኛው ከሁሉ የበለጠ ሠዊ ይሆናል፤ ደመወዙን በካርታ ላይ ሲጥል ፍጻሜውን አያይምና። ፍጻሜዋን በርግጥ እያወቀች የምትሰጥ ደግሞ አለች። ለታመመ ልጇ ኩላሊቷን የምትሰጥ እናት የሰጠችው አካል ወደ እርሷ እንደማይመለስ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ማወቋ መሥዋዕቷን አላሳነሰውም፤ ይልቁንም አገነነው።

ስለዚህ ልዩነቱ በማወቅና ባለማወቅ ላይ አይደለም። ልዩነቱ በሌላ ሁለት ነገር ላይ መሆኑን ተረዳን። አንደኛው፣ የሚሰጠው ነገር በእውነት የሰጪው ገንዘብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጐደለው ነገር በሰጪው ላይ ጐድሎ መቅረቱ ነው። በወንጌል የተነገረችው መበለት ሁለት ትንንሽ ሳንቲም ብቻ አግብታ ከባለጠጎቹ ሁሉ የበለጠ እንደ ሰጠች የተቈጠረላት በዚህ ምክንያት ነው። የሰጠችው ሳይሆን የቀረላት ነው የተመዘነው። የቼዝ ፕሮግራም ግን ንግሥቱን ቢሰጥ ከርሱ የሚጐድል ነገር የለም። ጨዋታው ሲያልቅ ይዘጋል፤ ነገም ሲከፈት ንግሥቱ በቤቷ ትገኛለች። ቢያሸንፍ አይደሰትም፤ ቢሸነፍ ሌሊት አይገላበጥም። እንግዲህ ከባዱን የመሥዋዕት ፈተና ሁሉ ያለፈው መኪና መሥዋዕትን አገኘ እንጂ አልሠዋም። መልሱን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ዋጋውን መክፈል ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ከአገራችን ታሪክ አንድ ሰው ብቻ እናንሣ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስቶች ጥይት ሲወድቁ፣ አርበኞችን አውግዘው ለወራሪው ቢገዙ ሕይወታቸው ሊተርፍ እንደሚችል ያውቁ ነበር። አገሪቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ነጻ እንደምትወጣ ግን የነገራቸው አልነበረም። በራሳቸው ላይ የሚመጣውን ዐወቁ፤ ለአገራቸው የሚመጣውን ግን አላዩም። የሰጡትም የራሳቸውን ነፍስ እንጂ የሌላውን አልነበረም። የሒሳብ ሰው ይህን ርምጃ በወሰን ቢመረምረው፣ እስከሚያይበት አድማስ ድረስ ኪሣራ ብቻ ሆኖ ያገኘው ነበር።

ነገር ግን ሁላችን ለእንዲህ ያለ ቀን የተጠራን አይደለንም። ለአብዛኞቻችን መሥዋዕት የሚመጣው በትንሹ ቀን ነው፤ አንዱን በሬ ሽጦ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሰድድ ገበሬ። ለኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የሚያስፈራው ፈተና የራሳችንን መስጠት ሳይሆን የሌላውን በኛ ብዕር መስጠት ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ተረት ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የራቀ አይደለም።

ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ራሳችን አንድ የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። ጕዳዩ ባላገሩ በየአካባቢው ያገኘው የነበረውን አንድ አገልግሎት ወደ ትልቁ ከተማ ሰብስቦ ወጪን መቀነስ ነበረ። ሒሳቡ ትክክል ነበረ፤ ዛሬም ብንመረምረው የመደመር ስሕተት አናገኝበትም። በመጨረሻው ገጽ ላይም፣ «ሕዝቡ ለጊዜው ጥቂት መሥዋዕትነት መክፈል ይኖርበታል» የሚል ዐረፍተ ነገር በገዛ እጃችን ጻፍን። ዐረፍተ ነገሩም ደስ አሰኝቶን ነበር።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ከየት እንደ መጡ ብንጠይቃቸው ሌሊት ተነሥተው እንደ ተጓዙ፣ የገበያ ቀናቸውም እንዳለፈባቸው፣ የሚፈልጉት ሰው ስለሌለም ነገ እንዲመለሱ እንደ ተነገራቸው አስረዱን። እኛም ለማጽናናት ያህል፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ነገሩ ለሁሉም እንዲጠቅም ታስቦ ነው፤ ትንሽ መቻል ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አይተውን፣ «መቻሉንስ እችላለሁ ልጄ፤ ግን ቻይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነው?» አሉን። በቍጣ አልተናገሩም። እኛ ግን የምንመልሰው አጣን። ያ ዐረፍተ ነገር የኛ መሆኑንም አልነገርናቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተረዳነው ነገር ይህ ነው። በጽሑፋችን መሥዋዕት ያልነው መሥዋዕት አልነበረም። እኛ ከራሳችን አንዲት ሰዓት እንኳ አልሰጠንም፤ የሰጠነው የርሳቸውን የገበያ ቀንና የርሳቸውን እግር ነው። እርሳቸውም አልሠዉም፤ ማንም አልጠየቃቸውምና ተወሰደባቸው እንጂ አልሰጡም። በሁለቱ መካከል መሥዋዕት የሚለው ቅዱስ ቃል ብቻውን ቀረ። የቼዝ ወታደር እንጨት ስለሆነ ሳይጠየቅ ቢሰጥ በደል የለበትም። ስሕተታችን ሰውየውን በወታደሩ ስፍራ፣ ራሳችንን በተጫዋቹ ስፍራ ማስቀመጣችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። አገርን ማስተዳደር ያለ ምርጫ አይሆንም፤ ለብዙዎች ጥቅም ሲባል ጥቂቶች የሚጐዱበት ጊዜ ይኖራል፤ እያንዳንዱን ሰው እየጠየቁ ሥራ መሥራት አይቻልም ይባል ይሆናል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ እኛም ሒሳብን አንነቅፍም። አገልግሎቱ ተሰብስቦ የዳነው ገንዘብ ለሌላ መልካም ሥራ ሳይውል አይቀርም። የምንለው ነገሩ በስሙ ይጠራ ነው። ለውጥ ከሆነ ለውጥ ነው እንበል፤ ጫና ከሆነ ጫና ነው እንበል፤ በማን ላይ እንደሚወድቅም በግልጽ እንጻፍ። ጫናን በመሥዋዕት ስም ስንሸፍነው፣ የሚጐዳው ሰው አቤቱታ ለማቅረብ እንኳ ያፍራል፤ መሥዋዕትን እምቢ ያለ ይመስላልና። እውነተኛውን ስሙን ስንሰጠው ግን ካሣ መጠየቅም፣ ጫናውን ማካፈልም፣ ጊዜውን መወሰንም ይቻላል።

ነገሩ ለመጪው ዘመን የባሰ ይሆናል ብለን እንሰጋለን። ቼዝ ከሚጫወተው ፕሮግራም ጋራ የሚዛመዱ መኪኖች በልዩ ልዩ አገር ብድር የሚሰጠውንና የሚከለከለውን፣ ሥራ የሚቀጠረውንና የሚመለሰውን በመምረጥ ሥራ ገብተዋል። እነርሱም ወደሚፈለገው ግብ የሚያደርሰውን ርምጃ ከኛ በፈጠነ ሁኔታ ያገኙ ይሆናል፤ በመንገዱ ላይም ሊሰጥ የሚገባውን ጠጠር ያመለክታሉ። በዚያን ጊዜ «እኔ አይደለሁም፤ መኪናው ነው» ማለት ይቀላል፤ መኪናው ደግሞ የታዘዘውን ፈጸመ። በኒው ዮርክ ገበታ ላይ ባለቤት ያጣው ፈረስ አንድ እንጨት ነበረ። በመዝገብ ላይ ባለቤት የሚያጣው ግን የሰው ኑሮ ነው።

ስለዚህ ሠሪዎቹ መኪናቸውን በከባድ አሰላለፎች እንደሚፈትኑ፣ እኛም በሌሎች ላይ የሚወድቅ ነገር ከመፈረማችን በፊት ራሳችንን በሦስት አጭር ጥያቄ ብንፈትን መልካም ይመስለናል። የሚሰጠው ነገር የማን ነው? የሚጐድለውስ በማን ላይ ነው? ያ ሰው ተጠይቋልን? ለነዚህ ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ ቢገኝም ችግሩ ሁሉ ይቃለላል አንልም። ነገር ግን ብዕሩን የያዘው ሰው በገበታው ፊት መቀመጡን፣ ሰዎችም ጠጠር አለመሆናቸውን ያስታውሰዋል።

በመጀመሪያ ያነሣነውን የአባቶቻችንን ልማድ እዚህ ላይ እናስታውስ። በነርሱ ሰንጠረዥ የባላጋራን ሠራዊት እስከ መጨረሻው ማጥፋት ድል አልነበረም፤ ምስጋናውም በኀይለኛው ደር ሳይሆን በትንሹ ሜዳቅ ለጨረሰው ይሰጥ ነበር። ሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው፤ በምን ቢሸነፍ ምን ልዩነት አለው? እነርሱ ግን ድል መንገዱን አያነጻውም ብለው በጨዋታ ላይ እንኳ ሕግ አደረጉት። ያች አሮጊት በማግሥቱ ተመልሰው መምጣታቸውን አይተናል፤ ጕዳያቸውም ተፈጽሞላቸው ሄዱ። እኛ ግን ከዚያ በኋላ በምናዘጋጀው ማናቸውም ጽሑፍ ላይ መሥዋዕትነት የሚለውን ቃል ስለ ሌላ ሰው ልንጽፈው ስንቃጣ፣ ብዕራችን በወረቀቱ ላይ ጥቂት ይቆማል።